ሰይፍ የያዘ ርኅሩኅ ብላቴና፤ ከጃፓን አገር ስለ መጣው ተከታታይ ትርዒት

የቤተ ሰብ አባትና እናት የሆነ ሁሉ ልጆቹ የሚበሉትን ምግብ እንደሚመረምር፣ የሚያዩትንም ትርዒት መመርመር ይገባዋል። ምግብ ሥጋን እንደሚያፋፋ ወይም እንደሚያሳምም፣ ዓይን ያየው ነገርም ልብን ያለመልማል ወይም ያደርቃልና። በቀድሞ ጊዜ ትርዒት ለማየት የፈለገ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሲኒማ ቤት ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ግን በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ አማካይነት የሩቅ አገር ሥራ ሁሉ እልፍኝ ድረስ ይገባል። ከሚገባውም መካከል በወጣቶች ዘንድ እጅግ የተወደደው፣ ጃፓኖች አኒሜ የሚሉት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው።

ብዙዎች ታላላቅ ሰዎች ይህን ሲያዩ፣ የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ የሰይፍ ፍጭትና የደም መፍሰስ ብቻ ነው፤ ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። አሳባቸው ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ከእንዲህ ያለው ሥራ ብዙው ከንቱ ጩኸት ነውና። ዳሩ ግን ስንዴውን ከእንክርዳዱ ሳይለዩ ሁሉን በአንድነት መጣል የአስተዋይ ሰው ሥራ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ፣ ስንዴ ሆኖ ያገኘነውን አንዱን ትርዒት ለአንባቢዎቻችን እናስታውቃለን። ስሙ «ኪሜትሱ ኖ ያይባ» ይባላል፤ ትርጓሜውም አጋንንትን የሚያጠፋ ስለት ማለት ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የመግደል ታሪክ ይመስለዋል፤ ወደ ውስጡ የገባ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ያገኛል። ጥያቄውም፦ ክፉ የሆነው ሰው ክፉ ከመሆኑ በፊት፣ በመከራው ቀን ማን ደረሰለት? የሚል ነው።

አስቀድመን የሥራውን አመጣጥ በአጭሩ እንናገር፤ ዓመቱንም የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ታሪኩ በመጀመሪያ የተደረሰው በማንጋ፣ ማለት ሥዕልና ጽሕፈት ተባብረው በሚተርኩበት መጽሐፍ ነው። ደራሲው ኮዮሐሩ ጎቶጌ በሚባል የብዕር ስም የታወቁ ሲሆኑ፣ ድርሰታቸው ሾኔን ጃምፕ በሚባለው ሳምንታዊ የወጣቶች መጽሔት ከ2016 እስከ 2020 እየታተመ በ23 ጥራዝ ተፈጸመ። ከዚህ በኋላ ዩፎቴብል የተባለው የሥዕል ኩባንያ፣ በዲሬክተሩ በሐሩኦ ሶቶዛኪ መሪነት፣ ታሪኩን ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለወጠው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በአፕሪል 2019 ተዠምሮ በሴፕቴምበር ተፈጸመ፤ ክፍሎቹም 26 ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ወደ 24 ደቂቃ ስለሚሆን፣ ሁሉንም ለማየት ዐሥር ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። ከዚያ ወዲህ በ2020 አንድ ሲኒማ፣ ከ2021 እስከ 2024 ድረስ ደግሞ ሌሎች ምዕራፎች ተከተሉ፤ የመጨረሻው የታሪኩ ክፍል በሦስት ሲኒማ እንዲሆን ታስቦ የመጀመሪያው በጁላይ 2025 በጃፓን አገር ታየ።

የ2020ው ሲኒማ በጃፓን ያገኘው ገንዘብ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ሆነ። በዚህም የታወቁት የሐያኦ ሚያዛኪ ሥራ የሆነው የ2001ዱ ሲኒማ ለ19 ዓመት ይዞት የኖረውን የአንደኝነት ስፍራ ወሰደ። ይህም የሆነው የወረርሽኝ በሽታ ዓለሙን ሁሉ ባስጨነቀበት ዓመት ነው። ሕዝብ በኀዘን ጊዜ የሚመርጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ታሪኩ የሚደረገው በጃፓን በታይሾ ዘመን፣ ማለት ከ1912 እስከ 1926 ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ባቡርና የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ከተማው ገብቶ ሳለ፣ በተራራ ላይ ያለው ድኻ ግን እንደ አያቶቹ ከሰል እያከሰለ ይኖር ነበር። ካማዶ ታንጂሮ የሚባለው ብላቴና አባቱ በሕመም ስለ ሞቱበት የቤቱ አለኝታ ሆኖ፣ ከሰል እየሸጠ እናቱንና አምስት ታናናሾቹን ይረዳ ነበር። በረዶ በሚወርድበት በብርድ ወራት አንድ ቀን ከሰሉን ተሸክሞ ወደ መንደር ወረደና መሸበት፤ አንድ ሽማግሌም በሌሊት ጋኔን ይወጣልና አትሂድ ብለው አሳደሩት። በማለዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱና ታናናሾቹ በደም ተነክረው ወድቀው አገኛቸው። ከመካከላቸው የኔዙኮ የምትባለው እኅቱ ሰውነት ብቻ ገና ሙቀት ነበረው። ወደ ሐኪም ሊያደርሳት በጀርባው አዝሏት በበረዶው ላይ ሲሮጥ፣ እርሷም በደም መለወጥ ጋኔን ሆና ተነሣችበት።

እዚህ ላይ ጋኔን ብለን የጻፍነው በመጽሐፍ የምናውቀው ርኩስ መንፈስ እንዳይመስል አንባቢን እናሳስባለን። ይህ በጃፓን ተረት ኦኒ የሚባለው ሥጋ ለባሽ ፍጥረት ነው። በዚህም ድርሰት ውስጥ ኦኒ ሁሉ ቀድሞ ሰው የነበረ ነው። የሁሉም አለቃ ኪቡትሱጂ ሙዛን፣ ከሺህ ዓመት ያህል በፊት በሽተኛ ሰው ሳለ፣ መድኃኒቱ የማይሠራ መስሎት በቍጣ ሐኪሙን ገደለ። መድኃኒቱ ግን ሥራውን ጀምሮ ኖሮ ብርታት ሰጠው፤ ሕክምናው ስላልተፈጸመ ደግሞ ፀሓይን ማየት የማይችልና ሰው የሚበላ ሆኖ ቀረ። ደሙን ለሌላው ሲሰጥ ያ ሰው እንደ እርሱ ይሆናል። እነዚህንም የሚገድላቸው የፀሓይ ብርሃን፣ ወይም የፀሓይን ኃይል ከያዘ ማዕድን የተሠራ ሰይፍ አንገታቸውን ሲቈርጥ ነው።

ወደ በረዶው እንመለስ። ጋኔን አዳኝ የሆነው ባለ ሰይፍ ቶሚዮካ ጊዩ ደርሶ ኔዙኮን ሊገድላት ተነሣ። ታንጂሮ ተንበርክኮ ለመነው። ጊዩ ግን የሰው ሕይወትና ሞት በጠላት ፈቃድ ላይ ሊጣል አይገባም፤ ልመና የምትወዳቸውን አያድንልህም፤ ብሎ በብርቱ ቃል ገሠጸው። በልቡ ግን ለልጁ ያዝንለት ነበር፤ የገሠጸውም በኀዘን እንዳይሞት ቍጣው እንዲያቆመው ብሎ ነው። ታንጂሮም ለመዋጋት ተነሥቶ ተመትቶ ወደቀ። በዚያን ጊዜ የተራበችውና የቈሰለችው ኔዙኮ ወንድሟን መብላት ሲገባት፣ በላዩ ቆማ እጇን ዘርግታ ተከላከለችለት። ጊዩ ይህን ባየ ጊዜ ሰይፉን መለሰ፤ በአፏም የቀርከሃ ልጓም አስሮላት፣ ሁለቱን ኡሮኮዳኪ ወደሚባሉት ወደ መምህሩ ላካቸው። ከዚህ በኋላ ታንጂሮ እኅቱን በሣጥን ውስጥ በጀርባው ተሸክሞ፣ ሰው የምትሆንበትን መድኃኒት ፍለጋ ይዞራል። የታሪኩ ሁሉ ምሰሶ ይህ ሸክም ነው።

ታንጂሮ ብርታትን ያገኘው በድንገት አይደለም። በሽማግሌው ኡሮኮዳኪ እጅ ሁለት ዓመት ያህል ተማረ፤ የመጨረሻውም ፈተና አንድ ታላቅ ቋጥኝ በሰይፍ መቍረጥ ነበር። መምህሩ ከዚህ በኋላ የማስተምርህ የለኝም ብለው ሲተዉት፣ የተማረውን በየቀኑ እየደገመ ወራት ሙሉ ደከመ። ትምህርት በአንድ ሌሊት እንዲገባላቸው ለሚመኙ ልጆች ይህ ክፍል ብቻውን ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ከፈተናው በኋላ የምናየው ግን የበለጠ ያስደንቃል። ታንጂሮ በመጀመሪያው ታላቅ ውጊያ አንድ እጀ ብዙ ጋኔን ገደለ፤ ይህም ጋኔን የመምህሩን ደቀ መዛሙርት እየፈለገ ያጠፋ ክፉ ነበር። አንገቱ ከተቈረጠ በኋላ ግን ሲሞት አንዲቱን እጁን ዘረጋ። ጋኔን ከመሆኑ በፊት ጨለማ የሚፈራ፣ የታላቅ ወንድሙን እጅ ይዞ መሄድ የሚወድ ሕፃን ነበርና። ታንጂሮ ይህን በማሽተት ኀይሉ ተረዳው፤ አፍንጫው ከሰው ሁሉ ይልቅ ስለሚያሸት፣ የቍጣንና የኀዘንን ሽታ ይለያልና። ስለዚህ የዘረጋውን እጅ ይዞ፣ ዳግመኛ ሲወለድ ጋኔን እንዳይሆን ለመነለት። ሰይፉ አልራራም፤ እጁ ግን ራራ። ፍርድና ርኅራኄ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ እንዲህ አድርጎ ያሳየ ትርዒት ጥቂት ነው።

ትርዒቱ ለቤተ ሰብ የሚገባ ሌላ ነገር አለው፤ ይኸውም እውነተኛውን ቤተ ሰብ ከሐሰተኛው ለይቶ ማሳየቱ ነው። ሙዛን በመጀመሪያ የሚታየን በሌሊት በቶክዮ በአሳኩሳ ሰፈር ነው፤ የአውሮፓ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሚስቱ ከጐኑ ቆማ፣ ትንሽ ልጅ ታቅፎ ነው። ታንጂሮ የገዳዩን ሽታ ተከትሎ ትከሻውን ሲይዘው ያገኘው አስፈሪ አውሬ ሳይሆን የተከበረ የቤት አባት ነው። ናታጉሞ በሚባለው ተራራ ላይ ያለው ሩይ የተባለው ጋኔን ደግሞ፣ ሌሎችን አጋንንት በፍርሃት አስሮ አንተ አባት ሁን፣ አንቺ እናት ሁኚ፣ እያለ ቤተ ሰብ ይሠራል፤ የተሰጠውን ሥራ ያልፈጸመውን ይቀጣል። ታንጂሮ ይህ ቤተ ሰብ ሐሰተኛ መሆኑን ነገረው፤ በፍቅር ያልታሰረ ነገር ቤተ ሰብ አይባልምና። በቤቱ ውስጥ በቍጣ ብቻ የሚታዘዙለት አባት ይህን ክፍል ከልጆቹ ጋራ ቢያየው፣ ማንም ሳይነግረው የሚያስበው ነገር አያጣም።

ሩይ ሲወድቅም ጊዩ የወደቀውን ልብስ በእግሩ ረግጦ፣ ሰው ለበላ ጋኔን ማዘን አይገባም አለ። ታንጂሮ ግን፣ የተገደሉትን ሰዎች ለመበቀል ያለ ማመንታት ሰይፍ አነሣለሁ፤ ነገር ግን ሰው ሆኖ የኖረውንና በሥራው የሚጸጸተውን አልረግጥም፤ ብሎ እግሩን እንዲያነሣ ጠየቀው።

በፍርድ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚወዱት ክፍል አለ ብለን እናስባለን። ታንጂሮ ጋኔን ይዞ በመዞሩ ሕግ አፍርሷል ተብሎ፣ ዓምድ በሚባሉት በዘጠኙ ታላላቅ ባለ ሰይፎች ጉባኤ ፊት ታስሮ ቀረበ። ብዙዎቹ ሁለቱም ይሙቱ ብለው ፈረዱ። የማኅበሩ አለቃ ግን የሽማግሌው የኡሮኮዳኪ ደብዳቤ እንዲነበብ አዘዙ። ደብዳቤውም፣ ኔዙኮ ሰው ብትበላ ታንጂሮና እኔ፣ ከእኛም ጋራ ቶሚዮካ ጊዩ፣ ሆዳችንን ቀድደን እንሞታለን የሚል ነበር። ታንጂሮ ይህን ሳያውቅ ኖሮ ሲሰማ አለቀሰ። የዋስ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በችሎት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ገንዘብ ዋስ የሚሆን ይገኛል፣ ነፍሱን ዋስ የሚያደርግ ግን በጭንቅ ነው። ከዓምዶቹም አንዱ በዋስ ብቻ አላምንም ብሎ፣ ኔዙኮን በሰይፍ ወግቶ የገዛ ክንዱን ቈርጦ ደሙን አንጠባጠበላት። እርሷም ምራቋ እየወረደ፣ መላ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊቷን መለሰች። ምስክር የሌለውን ነገር ሥራ መሰከረለት።

በባቡር ላይ ስለሚደረገው የ2020 ሲኒማም ጥቂት እንበል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ቀጥሎ የሚታይ ነው። በዚያ አንድ ጋኔን መንገደኞቹን ጣፋጭ ሕልም እያሳየ ይገድላቸዋል። ታንጂሮም በሕልሙ እናቱንና ታናናሾቹን በሕይወት አገኛቸው፤ ነገር ግን ሕልም መሆኑን በተረዳ ጊዜ፣ ትንሹ ወንድሙ እየጠራው ወደ ኋላ ሳይመለከት ሄደ። በዚያው ባቡር ያለው ሬንጎኩ የተባለው ዓምድ ደግሞ፣ ለዘላለም እንድትኖር ጋኔን ሁን ቢባል እንቢ ብሎ፣ ሁለት መቶ ያህል መንገደኞችን ጠብቆ ሞተ። ይህን ያደረገበት ምክንያት እናቱ በሕፃንነቱ ያስተማሩት አንድ ቃል ነው፤ ከሌላው በልጦ ብርቱ ሆኖ የተወለደ ሰው ደካማውን የመርዳት ግዴታ አለበት፤ የሚል። ማዕርግና ኃይል ላለው ሰው ልጅ ከዚህ የተሻለ ምክር ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን ደረስን። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በታየው ምዕራፍ፣ ጊዩታሮና ዳኪ የሚባሉ ወንድምና እኅት አጋንንት አሉ። ሰው ሳሉ በዮሺዋራ ከድኻ ድኻ ተወልደው፣ ወንድሙ በመልኩ አስቀያሚነት ሲናቅና ሲደበደብ አደገ። እኅቱ በደረሰባት በቀል በእሳት ተቃጥላ ባገኛት ጊዜ፣ የሚረዳው ፈልጎ አዝሏት ሄደ፤ ማንም አልረዳውም። በረዶም ይወርድ ጀመር። በመጨረሻ የደረሰለት አንድ ጋኔን ነበር፤ ደሙንም ሰጣቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሥዕል ከመጀመሪያው ጋራ አስተያየው። ያም በረዶ ነበር፤ ይህም በረዶ ነው። ያም ወንድም እኅቱን አዝሎ ነበር፤ ይህም አዝሎ ነው። ልዩነቱ ታንጂሮን በመንገድ ላይ ያገኘው ሰይፉን መመለስ የሚያውቅ ሰው መሆኑ፣ ጊዩታሮን ያገኘው ግን ጋኔን መሆኑ ነው። ታንጂሮም ይህን ራሱ ያስተውላል፤ የእኔም ዕድል እንዲህ ሊሆን ይችል ነበር ብሎ ያስባል። ሁለቱም አጋንንት አንገታቸው ተቈርጦ ወድቆ ሳለ እርስ በርስ ሲሰዳደቡ፣ ታንጂሮ በእጁ የወንድሙን አፍ ከድኖ፣ ይህ የልባችሁ ነገር አይደለም፤ በዓለም ላይ ያላችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ አለ። ትርዒቱ በደለኛውን ንጹሕ ነው አይልም፤ ዋጋውን ይከፍላል። ነገር ግን በድኻ ፊት በሩን የዘጋው መንደር ሁሉ ከበደሉ ድርሻ እንዳለው ያሳያል። አስተዳዳሪ ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ቃል ነው።

ስለ ሥዕሉም ማመስገን ይገባል። ታንጂሮ በውሃ እስትንፋስ ስልት ሲዋጋ፣ ከሰይፉ የሚወጣው ማዕበል እንደ ቀድሞው የጃፓን የእንጨት ሕትመት ሥዕል በወፍራም መስመር ተሥሎ፣ በኮምፒዩተር ከሚሠራው ሥዕል ጋራ ተዋሕዶ ይታያል። በ19ኛው ክፍል ታንጂሮ ሊሞት ሲቃረብ፣ በሽተኛው አባቱ በዓመት መጀመሪያ በበረዶ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሸበሽቡትን የእሳት አምላክ ጭፈራ ያስታውሳል፤ ያም የአባት ውርስ ሰይፉን እሳት ያደርገዋል። በዚያ ሰዓት የሚሰማው የጎ ሺይና ዜማ ልብን ይነካል። የኔዙኮም ልብስ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በላዩ ያለው የሄምፕ ቅጠል ጌጥ፣ ያ ተክል ቶሎና ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ፣ ጃፓኖች ልጃቸው እንዲሁ እንዲያድግላቸው ለሕፃናት ልብስ የሚያደርጉት ነው።

ነቀፋውንም ሳንሸሽግ እንናገራለን። ደም በብዛት ይፈስሳል፤ አንገትም ይቈረጣል። ከታንጂሮ ባልንጀሮች አንዱ ዜኒትሱ በየጊዜው እየጮኸ ያለቅሳልና ጆሮን ያሰለቻል። በባቡሩ ሲኒማ ታንጂሮ ከሕልም ለመንቃት በሕልሙ ራሱን ይገድላል፤ ይህንንም ሕፃን ብቻውን ሊያየው አይገባም። የዮሺዋራው ምዕራፍ የሚደረገው ሴቶች በሚሸጡበት ሰፈር ነው። በጃፓን አገር ሲኒማው ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የወላጅ ምክር እንዲኖር ተወስኖበታል፤ በአሜሪካ ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ታላቅ ሰው እንዳይገባ ተደርጓል። ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች አንመክርም፤ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ግን፣ አባት ወይም እናት አብረው ተቀምጠው ቢያዩ መልካም ነው።

ለመሞከር የሚወድ ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍሎች ይይ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የዘረጋው እጅ የተያዘበትን ቦታ ሲደርስ፣ ልጆቹን ይህን ለምን አደረገ? አንተ ብትሆን ታደርገው ነበርን? ብሎ ይጠይቃቸው። መልሳቸውን ሳያቋርጥ ይስማ። ከልጅ ጋራ ስለ ፍርድና ስለ ምሕረት ለመነጋገር እንዲህ ያለ ምቹ ጊዜ በየቀኑ አይገኝምና።